ዕቃው ሳያድር ይለፍ፦ ክሮስ ዶክ እና ከፋፍሎ ማድረስ በመሀል አዲስ አበባ

በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ መካከል መጋዘን ይዞ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ የሚያጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወለልና ሰዓት። ወለሉ በካሬ ሜትር ኪራይ ይከፈልበታል፤ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ደግሞ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። ዛሬ የገባው ዕቃ ዛሬ ካልወጣ የነገው ማረፊያ ያጣል። ለዚህ ያለው መላ ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ሳያወጡ ከገቢው መኪና ወደ ወጪው መኪና ማሳለፍ ነው። በሙያው ክሮስ ዶክ ይሉታል።

ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ሥራው ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። አትክልት ተራን ፒያሳ በነበረበት ጊዜ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ከገጠር የገባ የቲማቲም ሳጥን ሳይነጋ በትንንሽ መኪና ተጭኖ ወደየሰፈሩ ይበተን ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ በኋላም ሥራው ያው ነው። ቲማቲም ማደር ስለማይወድ ነጋዴው ሳያስበው የክሮስ ዶክ ባለሙያ ሆኗል። ሳሙናና ፓስታ ግን ማደር ስለሚችሉ ያድራሉ፤ ሲያድሩ ይረሳሉ፣ ሲረሱ ይጎድላሉ።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለአከፋፋይ ድርጅት የሥርጭት ዕቅድ ሠራተኛና ለመጋዘን ኃላፊ የተጻፈ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ክሮስ ዶክን የጉልበት ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ጫኝና አውራጅ በርከት ካደረጉ የሚያልቅ ይመስለዋል። የወረቀት ሥራ ነው። የመኪናው በር ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ካርቶን የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ የተሠራው ዕቃን ወለል ላይ መጣል ብቻ ነው።

1. የሚያልፈውን ከሚያድረው መለየት

ሁሉም ዕቃ ሳያድር አያልፍም። ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ገዢው አስቀድሞ ታውቋል? ካርቶኑ ሳይከፈት ይሸጣል? ከመውጣቱ በፊት የሚጠብቀው ምርመራ ወይም የሚለጠፍበት ምልክት አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልሳቸው «አዎ»፣ የመጨረሻው «የለም» ከሆነ ዕቃው ያልፋል። አንዱ እንኳ ከተጣመመ ወደ መደርደሪያ ይሂድ።

ዱቄት ሳሙና፣ ፓስታ፣ ሶፍት፣ የታሸገ ውኃ፤ እነዚህ ለማለፍ የተፈጠሩ ናቸው። በአንድ ካርቶን ውስጥ አምስት ዓይነት ቀለም ተደባልቆ የሚመጣ የመዋቢያ ዕቃ ግን ተከፍቶ መለየት አለበትና በር ላይ ሊሠራ አይችልም፤ የሞከረ ሰው መንገድ ዘግቶ ነው የሚውለው።

ክሮስ ዶክ አንድ የተደበቀ ክፋት አለው፤ አዲሱ ዕቃ በበሩ እያለፈ አሮጌው መደርደሪያ ላይ ይረሳል። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ሦስት ወር የቀረው ፓስታ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዓመት የቀረው ለደንበኛ ይሄዳል። ስለዚህ ድልድል (ለየደንበኛው የሚደርሰውን ማካፈል) ከመሥራትዎ በፊት ቢን ካርዱን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚይዘውን የመደርደሪያ ካርድ፣ ይመልከቱ። ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ካለና የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይውጣ፤ አዲሱ በእርሱ ቦታ ይደር። ይህን ማድረግ የዚያን ቀን ሥራ በእጥፍ ያከብደዋል፤ ቢሆንም ከመጣል ይሻላል።

2. ትዕዛዙን በቀን መክፈል

ከፋፍሎ ማድረስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በስምምነት የሚከፈል ነው። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል 120 ካርቶን ሶፍት ይገዛል፤ ዕቃ ቤቱ ግን ጠባብ ስለሆነ 40፣ 40፣ 40 አድርጋችሁ በየሳምንቱ አምጡልኝ ይላል። ሁለተኛው በእጥረት የሚከፈል ነው፤ ደንበኛው 150 አዘዘ፣ የገባው 100 ነው፣ 50ው በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያው ቃል ነው፣ ሁለተኛው ዕዳ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለቱን በአንድ አምድ የሚጽፍ ድርጅት በየትኛው ደንበኛ ፊት ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም።

በስምምነት የሚከፈለውን ትዕዛዝ ሲመዘግቡ ዋናውን 120 ከላይ ያስቀምጡ፤ ሦስቱ 40ዎች ከሥሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀን ይዘው ይግቡ። በኮምፒውተር ፕሮግራምም ሆነ በተራ መዝገብ መርሑ ያው ነው። እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ሦስቱን 40 አስገብቶ ዋናውን 120 እንደ ክፍት ትዕዛዝ መተው ነው። ፍላጎቱ 240 ሆኖ ይታያል፤ ግዢ ክፍሉም የሌለ ገዢ እየፈለገ ያዝዛል። ሌላው ስህተት ዋጋ ላይ ነው። ቅናሹ የተሰጠው ለ120 ከሆነ ትዕዛዙ ወደ 40 ሲከፈል ቅናሹ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ ሦስተኛው ርክክብ ላይ ከሆቴሉ ሂሳብ ሹም ጋር የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁና መልሱን ከስሙ አጠገብ ይጻፉ፤ ዕቃው ባይሞላ ከፋፍለን ብናመጣ ይቀበላሉ? አንዳንዱ የተገኘውን ሁሉ አምጡ ይላል። አንዳንዱ ከግማሽ በታች ከሆነ አትምጡ ይላል። ሙሉ ካልሆነ የማይፈልግም አለ፤ ይህ ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ለክፍለ ሀገር ገዢ ጭኖ የሚልክ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ነው። ማታ መኪናው ሲነሳ ግማሽ ዕቃ ለእርሱ ምንም አይጠቅመውም፤ የተቀረውን በሌላ መኪና ለመላክ ሌላ ኪራይ ይከፍላል።

ስለ ቀን ከተነሳ፣ «በየወሩ በ15» የሚል ስምምነት ስትዋዋሉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ። መስከረም 15 በአውሮፓው አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 25 ነው። ፕሮግራሙ በአውሮፓው ይሠራል፣ ሱቁ በእኛ፤ በመካከል አሥር ቀን ይጠፋል። ጳጉሜንን የሚረሳ የርክክብ ሠሌዳም አይቻለሁ።

3. ድልድል

የመመሪያው እምብርት ይህ ነውና ቀስ ብለን በምሳሌ እንየው። ነገ ሌሊት 480 ካርቶን ዱቄት ሳሙና ይገባል እንበል። በመዝገብ ላይ ያለው ፍላጎት ግን 690 ነው። ካዛንቺስ ያለ ሆቴል ካለፈው ሳምንት የቀረውን 40 ካርቶን ይጠብቃል። በአዲስ ትዕዛዝ የመርካቶው ጅምላ ነጋዴ 300፣ የፒያሳው ሱፐርማርኬት 150፣ የሜክሲኮው አከፋፋይ 110፣ የስታዲየሙ ሱቅ 90 ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ የቆየ ቀሪ ይከፈላል። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ዕዳ ያለበት ሰው በአዲስ እንግዳ ፊት ድግስ አይደግስም። 40ው ሲነሳ 440 ይቀራል። አዲሱ ፍላጎት ተደምሮ 650 ነው። 440 ለ650 ሲካፈል 0.677 ያህል ስለሚሆን እያንዳንዱ ካዘዘው 67.7 በመቶ ይደርሰዋል። መርካቶ 203.08፣ ፒያሳ 101.54፣ ሜክሲኮ 74.46፣ ስታዲየም 60.92። ካርቶን አይቆረጥምና ክፍልፋዩን ትተው ሙሉ ሙሉውን ሲደምሩ 438 ይመጣል፤ 2 ካርቶን ተረፈ። የተረፈውን ከፍተኛ ክፍልፋይ ለነበራቸው ይስጡ፤ አንዱ ለስታዲየም፣ አንዱ ለፒያሳ። ውጤቱ 203፣ 102፣ 74 እና 61 ነው።

በወረቀት ላይ ያምራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በአንድ አምፖል ብርሃን 203 ካርቶን መቁጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃው በፓሌት (ዕቃ በሚደረደርበት የእንጨት መቀመጫ) ላይ በረድፍ ተደራርቦ የሚመጣ ከሆነና አንዱ ረድፍ 10 ካርቶን ከያዘ ድልድሉን በረድፍ ይሥሩት። 440 ካርቶን 44 ረድፍ ነው። ድርሻው መርካቶ 20.31፣ ፒያሳ 10.15፣ ሜክሲኮ 7.45፣ ስታዲየም 6.09 ይሆናል፤ ሙሉ ሙሉው 43 ነው፣ የተረፈችው አንዷ ረድፍ ለሜክሲኮ ትሄዳለች። ስለዚህ 200፣ 100፣ 80 እና 60። የሜክሲኮው ሰው 6 ካርቶን ተጠቀመ፤ መርካቶ 3፣ ፒያሳ 2፣ ስታዲየም 1 ተጎዱ። እኔ ይህንን እመርጣለሁ፤ ሌሊት የሚቆጠረው በረድፍ ሲሆን ስህተቱ በጣም ይቀንሳል፤ በ3 ካርቶን የተጎዳውም ደንበኛ በሚቀጥለው ጭነት ይካሳል።

ከደንበኞቹ አንዱ ሙሉ ካልሆነ የማይቀበል ከሆነ በመቶኛው ውስጥ አያስገቡት። ወይ ሙሉውን ይስጡት፣ ወይ ይህን ዙር ይለፉት። ለምሳሌ የፒያሳው ሱፐርማርኬት እንዲህ ያለ ቢሆንና 150ውን ቢሰጡት፣ ለሌሎቹ ለ500 ፍላጎት 290 ይቀራል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከ67.7 ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። ይህን ቁጥር ለሽያጭ ኃላፊው አሳይተው ያስወስኑ። ውሳኔው የእርሱ ነው፣ ስሌቱ የእርስዎ።

የድልድሉ ደንብ ጭነቱ ከመታወቁ በፊት ተጽፎ የተፈረመ ይሁን። አለበለዚያ የሚደለድለው ዕቅድ ሠራተኛው ሳይሆን ስልክ ደውሎ የሚጮኸው ደንበኛ ነው።

4. ሰዓት

በአዲስ አበባ ከባድ የጭነት መኪና በቀን በዋና ዋና መንገዶች እንዳይንቀሳቀስ የሰዓት ገደብ አለ። የሰዓቱና የጭነት ልኩ ዝርዝር በየጊዜው ስለሚሻሻል የወቅቱን ከከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ያረጋግጡ። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ትልቁ መኪና ሌሊት ይገባል፣ ትንንሾቹ ማለዳ ይወጣሉ፣ በመካከል ያለችው ጥቂት ሰዓት የእርስዎ ናት።

ሠሌዳውን ከኋላ ወደ ፊት ይሥሩ። ትንንሾቹ መኪናዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳይሆን መውጣት አለባቸው እንበል። ቡድንዎ በደቂቃ 8 ካርቶን የሚያወርድ ከሆነ 480 ካርቶን 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለመጫን ያንኑ ያህል ይያዙ፤ ለቆጠራ ክርክርና ለፊርማ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ስለዚህ ትልቁ መኪና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በፊት በር ላይ መቆም አለበት። 8 ካርቶን ያልኩት ለምሳሌ ነው። የራስዎን ቡድን አንድ ሌሊት በሰዓት ይለኩት፤ በግምት የተሠራ ሠሌዳ ሁልጊዜ ሰውን ብርቱ አድርጎ ያስባል።

ጭነቱ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ችግር የለም፣ ችግሩ ከተማ መግባት ላይ ነው። ሾፌሩ ከሞጆ ሲነሳ አንድ ጊዜ፣ ቃሊቲ ሲደርስ አንድ ጊዜ እንዲደውል ያድርጉ። የመቁረጫ ሰዓትም ይወስኑ፤ ለምሳሌ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ቃሊቲን ካላለፈ የዚያ ቀን ክሮስ ዶክ ተሰርዟል፣ ዕቃው ያድራል፣ ትንንሾቹ መኪናዎች በመደርደሪያ ዕቃ ተጭነው ይወጣሉ። ይህን ውሳኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሊወስን የሚችል ሰው እዚያው ይኑር። ተኝቶ ስልክ የማያነሳ ኃላፊ ያለው መጋዘን በበሩ ላይ ሦስት መኪና አቁሞ ያነጋል።

አሁን ስለ ሰዓት አጻጻፍ። አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ «ዕቃው 8:00 ይደርሳል» ብሎ ጻፈልን። ከቀኑ 8 ሰዓት መሰለን፤ ጫኝና አውራጆቹን ለ7 ሰዓት ተኩል ቀጠርናቸው። መኪናው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥቶ በሩ ላይ ተገተረ። ቁልፍ የያዘው ሰው ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር። ከመንገድ የተገኙ ልጆች በእጥፍ ዋጋ አወረዱልን፤ ትራፊክ ፖሊስም መንገድ በመዝጋት ቀጣን። ቅጣቱን ሳንከራከር ከፈልን፤ ስህተቱ የእኛ ነበር፣ በማን ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቁጥር አንቀበልም። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት»፣ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፋል። በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚወጣ ሰነድ ላይም በእስክሪብቶ ከጎኑ ይጨመርበታል።

5. ወለሉን ማዘጋጀት

ማታ ከመሄድዎ በፊት ወለሉ ባዶ ይሁን። በኖራ ወይም በቀለም መስመር አስምረው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቦታ ይስጡ፤ ቁጥሩንና ብዛቱን በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ፦ «ቁጥር 1፣ ፒያሳ፣ 100»። ከእነዚህ ሌላ አንድ ባዶ ቦታ ይተዉ። ባለቤቱ ያልታወቀ፣ የተቀደደ፣ ከሥር የረጠበ ካርቶን ወደዚያ ይሄዳል እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። በክረምት ይህች ቦታ በጣም ታስፈልጋለች። ከላይ ደረቅ የሚመስል የዱቄት ሳሙና ካርቶን ሲያነሱት ከሥሩ ይላላል፤ ልምድ ያለው አውራጅ በእጁ ያውቀዋል፤ ዝም ብሎ እንዳያልፈው፣ እንዲናገር ያበረታቱት።

ቆጠራው በር ላይ ይካሄዳል፤ አንዴ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ከተበተነ በኋላ የሚደረግ ቆጠራ ክርክር ነው። ሁለት ሰው ይቁጠር። እኛ ዘንድ አንዱ ቆጣሪ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ከካርቶን ክዳን የተቀደደ ጠንካራ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጭረት ያሰምራል፣ አምስተኛዋን በአራቱ ላይ ያጋድማል። ሌላው ቆሞ ወደየት እንደሚሄድ ይጠራል፤ «ለሁለት!»፣ «ለሁለት!»፣ «ለሦስት!»። የመኪናው ረዳትም ከላይ ሆኖ የራሱን ይቆጥራል። በየ10 ረድፉ ሁሉም ቆም ይላሉና ሦስቱ ቁጥሮች ይነጻጸራሉ። ካልገጠሙ የሚፈለገው ከመጨረሻዎቹ 10 ረድፎች ውስጥ ብቻ ነው። መኪናው ባዶ ከሆነ በኋላ «አንድ ረድፍ ጎድሏል» ቢባል 48 ረድፍ እንደገና ማን ይቆጥራል?

የጫኝና አውራጅ ዋጋ በዋዜማው ይወሰን፤ በካርቶን ይሁን በጉዞ፣ ማውረድና መጫን አብሮ ይሁን ለየብቻ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሰዓት እየሮጠ የሚደረግ ድርድር ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚሸነፉት እርስዎ ነዎት።

6. ሰነድ

ዕቃው መደርደሪያ አልነካም ማለት መዝገብ አይነካም ማለት አይደለም። ገቢም ወጪም ይመዘገባል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ቢሆን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ነው፤ በግል ድርጅት ቅጹ ሌላ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ አይለይም። ገቢውን ዘልሎ ወጪ የሚቆርጥ ሰው የዕቃው ሚዛን ከዜሮ በታች ይወርድበታል፤ ኦዲተር ሲመጣ «አልፎ ሄዷል» የሚል መልስ አይሠራም።

ሰነዱን ማታ አዘጋጅተው ብዛቱን ብቻ ባዶ ይተዉ። የተቆጠረው ሲታወቅ በእስክሪብቶ ይሞላል። የማስረከቢያ ሰነድ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ተፈርሞ የሚመለስ፣ አንዱ ከመጋዘን የማይወጣ። በሰነዱ ላይ ሦስት ቁጥር ይኑር፦ የታዘዘ፣ አሁን የደረሰ፣ ቀሪ። በዚህ ምሳሌ የመርካቶው ነጋዴ «300፣ 200፣ 100» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል። ቀሪውን ደንበኛው በፊርማው ካላወቀው፣ በሁለተኛው ሳምንት ስለ 100 ካርቶን የሚነገረው ታሪክ ሁለት ይሆናል።

የሽያጭ ደረሰኙ በደረሰው ልክ ቢቆረጥ እመክራለሁ። ለ300 ቆርጦ 200 ማድረስ ደንበኛው ላልተረከበው ዕቃ ዋጋና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ስለ አቆራረጡ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር አንድ ጊዜ ተነጋግረው ይወስኑ፤ በየጭነቱ አይነጋገሩ።

7. መጫንና መሄድ

አንድ ካርቶን 10 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 48 ኩንታል ነው። መርካቶና ፒያሳ በአንድ አይሱዙ ይሄዳሉ፤ 300 ካርቶን፣ 30 ኩንታል። ሜክሲኮ፣ ስታዲየምና ካዛንቺስ በአንድ መስመር ስለሚገኙ በሌላ መኪና፤ 180 ካርቶን፣ 18 ኩንታል። የመጨረሻው የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል፤ የካዛንቺሱ ከጥግ፣ የስታዲየሙ ከፊቱ፣ የሜክሲኮው በር ላይ። በየመካከሉ የካርቶን ቁራጭ ወይም ሸራ ያስገቡ። ሁሉም ያውቀዋል፣ በችኮላ ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል።

ዓርብ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በአንዋር መስጊድ ዙሪያ መኪና አይላኩ። መስቀል አደባባይ ሩጫ ወይም በዓል ባለበት ቀን የስታዲየሙ መስመር አቅጣጫው ይለወጣል፤ በዋዜማው ይጠይቁ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የመቆሚያ ቦታው የተለወጠባቸው ብዙ ሱቆች ስላሉ ሾፌሩ የት ቆሞ እንደሚያወርድ ደንበኛውን አስቀድመው ይጠይቁት፤ የድሮውን አድራሻ ማወቅ አይበቃም።

8. ቀሪው

ከምሳሌያችን 210 ካርቶን ቀሪ ወጥቷል፤ መርካቶ 100፣ ፒያሳ 50፣ ሜክሲኮ 30፣ ስታዲየም 30። የሥርጭት ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዕቃ የደረሰው ሰው ተደስቷል፣ ሾፌሩ ተኝቷል፣ ዕቅድ ሠራተኛው ወደ ሚቀጥለው ጭነት ዞሯል፤ ቀሪው ወላጅ አልባ ሆኖ መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

በየቀኑ ማታ የቀሪ ሠሌዳ ያውጡ። እያንዳንዱ መስመር ደንበኛ፣ ብዛት፣ ከየትኛው ጭነት እንደሚከፈል እና ቀን ይኑረው። ቀን የሌለው ቀሪ በሠሌዳው ላይ አይደር፤ ወይ ቀን ይሰጠው፣ ወይ ተደውሎ ይዘጋ። ለአንድ ትዕዛዝ ከሁለት ጊዜ በላይ በእጥረት መከፋፈል ካስፈለገ ሦስተኛው በኃላፊ ፊርማ ብቻ ይሁን።

ለመዝጋት ድፍረት የሚሰጠው ስሌት ይኸው። አንድ ጉዞ 3,000 ብር ያስወጣል እንበል። 100 ካርቶን ከተጫነበት ለአንዱ 30 ብር ነው። 12 ካርቶን ብቻ ከተጫነበት ግን ለአንዱ 250 ብር ይደርሳል፤ ትርፉ ከዚያ በታች ከሆነ ዕቃውን እየሸጡ ሳይሆን እየመረቁ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ቀሪዎች ለብቻቸው ጉዞ አይሰጣቸው፤ ያው ደንበኛ ሌላ ትዕዛዝ ሲኖረው ይጨመሩለት።

የስታዲየሙን ሱቅ 30 ካርቶን እንውሰድ። የሚቀጥለው ጭነት ከ10 ቀን በኋላ ነው። ባለሱቋን በዚያው ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ይደውሉላቸው። ቀኑን ይንገሩ፤ «ይጠብቃሉ ወይስ እንሰርዘው?» ብለው ይጠይቁ። «እጠብቃለሁ» ካሉ 30ው በሚቀጥለው ድልድል ከአዲሶቹ ሁሉ በፊት ይገባል። «ከሌላ ቦታ አግኝቻለሁ» ካሉ መስመሩን ዜሮ ያድርጉት፣ ከጎኑ «በደንበኛ ጥያቄ ተዘግቷል» ብለው ቀኑንና ስምዎን ይጻፉ፤ ለግዢ ክፍሉም ፍላጎቱ በ30 መቀነሱን ያሳውቁ።